ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ኳስ ገበያና ስለ አፍህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ በክረምቱ ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ይሄን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» እያልክ ነው የምታመልጠኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ለእህትህ ሰጠኋት። እሷ ትተይበውና በቴሌግራም ትልክልሃለች። እየተየበች ትስቃለች። የሚያስቅ ነገር የለውም ብያታለሁ።

ባለፈው እሁድ አጎትህ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ልጅሽ እኮ ትልቅ ሰው ሆኗል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ እናት አይደለሁ። ቀጠለና ጁላይ ፎር እነሱ ቤት ሄደህ ምን እንደተጫወታችሁ ነገረኝ። ባንካችሁ የሚያሻሽጠው አንድ የስፖርት ቡድን ሊሸጥ እየተዘጋጀ ነው ብለሃቸዋል። ስሙን አልጠራህም። ግን አክሲዮኑ ገበያ ላይ ያለ ነው ብለሃል። ልጆቹ «የትኛው ይሆን?» እያሉ ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ አመሹ። ትልቁ ልጁ ደግሞ በስልኩ አክሲዮን ይገዛል ይሸጣል። በማግስቱ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ጻፈልህ። አንተ የሚስቅ ምስል ላክህለት።

የሚስቅ ምስል!

ስሙን አልጠራሁም ልትለኝ ነው። አውቃለሁ። ግን እዚያ አገር ገበያ ላይ አክሲዮኑ የሚሸጥ የስፖርት ቡድን በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው የአንድ ቤተሰብ ወይም የጥቂት ሀብታሞች የግል ንብረት ነው። ዝርዝሩን እኔ እንኳ እዚህ ቁጭ ብዬ በስልኬ አገኘሁት። እኔ ካገኘሁት የአጎትህ ልጅ አያገኘውም?

የሥራህ ወሬ ከአፍህ አይውጣ።

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ግን ደግሞ ይገባኛል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከቁጥር ጋር ሲታገል ከርሞ ዘመድ መሃል ሲቀመጥ አፉ ይፈታል። ክትፎው ቀርቧል፣ ሁሉም ይወድሃል፣ «እስቲ ምን እየሠራህ ነው?» ይሉሃል። የምትሠራው ነገር ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ሥራ አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካ እየሸጥኩ ነው ብትላቸው ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ኳስ ስለሆነ ግን ጆሮ ሁሉ ይቆማል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

«ስፖርት የሚይዘው ክፍል መደቡኝ» ብለህ የደወልክ ቀን ስቄብሃለሁ። «ባንክ ደግሞ ኳስ ይሸጣል እንዴ?» ነበር ያልኩህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ብድር ክፍል ነው። ለቡና ላኪ አበድረናል። ለወፍጮ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለጭነት መኪና አበድረናል። ለኳስ ቡድን ያበደረ ግን አላየሁም። እኛ አገር አብዛኛው ቡድን የሚኖረው በመሥሪያ ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀቱ ሲቆረጥ ተጫዋቹ ደሞዝ ያጣል። መያዣ ይሁን ብትል ደግሞ ምን አለው? ማሊያና መረብ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አያጣም። አጎትህ ሁልጊዜ የሚያማርረውን የዋሽንግተኑን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ያዝ። የቀድሞው ባለቤት በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። በመሃል ቡድኑ ይሸነፋል፣ ደጋፊው ይራገማል፣ ዋጋው ግን ይወጣል። እኔ በሥራ ዘመኔ እየተሸነፈ የሚወደድ ንብረት ገምቼ አላውቅም።

ምስጢሩ ቴሌቪዥኑ ነው። ሊጉ በ2021 የፈረመው የ11 ዓመት የስርጭት ውል ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ ገንዘብ ለ32ቱም ቡድን እኩል ይካፈላል። ብታሸንፍም ብትሸነፍም ድርሻህ ይደርስሃል። ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የላቸውም። ሠላሳ ሦስተኛ ቡድን ልክፈት ብለህ ብር ተሸክመህ ብትሄድም አይከፈትልህም። እንግሊዞቹ ጋ ግን መውረድ አለ። ቡድኑ ከወረደ የቴሌቪዥኑ ገንዘብም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ገማች አይደለም። ይሄን አንተ ታውቀዋለህ። እኔም ገብቶኛል ለማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም። በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን የገዛው ቤተሰብ ከ790 ሚሊዮን ፓውንዱ ብዙውን በብድር ነው ያመጣው። የብድሩም ትልቁ ክፍል ክለቡ ራሱ ላይ ተጫነ። ላም ገዝተህ የላሟን ዋጋ ከወተቷ ትከፍላለህ፤ ጥጃው ምን ይጥባ? እኔ ብድር አጽዳቂው ኮሚቴ ውስጥ ብሆን አልፈርምም ነበር። ከፈረመው ሰው ጋር ብትገናኝ ግን ይሄን እንዳትለው። የባንክ ሰው አስተያየቱን ሲጠየቅ ነው የሚናገረው።

የቼልሲው ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። በ2022 ጸደይ ባለቤቱ ማዕቀብ ተጣለበት። ክለቡ ያለ መንግሥት ፈቃድ ቲኬት እንኳ እንደልቡ መሸጥ አይችልም። ሬይን የሚባለው የኒውዮርክ ባንክ ገዢዎቹን አሰልፎ፣ አጣርቶ፣ በሦስት ወር ውስጥ ጨረሰው። ዋጋው 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ገዢዎቹ ተጨማሪ 1.75 ቢሊዮን ክለቡ ላይ እናውላለን ብለው ቃል ገቡ። ሻጩ ግን አንድ ፓውንድ አልነካም። ገንዘቡ የታገደ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ሦስት ወር! እኛ የአንድ ዳቦ ቤት መያዣ ለማስመዝገብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብን እንደነበር ታውቃለህ።

እና እዚያ ሦስት ወር ውስጥ ስንት ሰው የማን ዋጋ ስንት እንደሆነ ያውቅ ነበር? ማን ስንት አቀረበ፣ ማን ተጣለ፣ ማን ገንዘቡ አልሞላለትም። ያንን ሁሉ በኤክሴል የሚሞላው እንዳንተ ያለ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። አለቆቹ ምግብ ቤት ይነጋገራሉ፤ ቁጥሩ ያለው ልጁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። አደራው አንተ ላይ ነው ያለው። ከአፍህ አይውጣ የምልህ ለዚህ ነው።

ደግሞ ገበያው ጠባብ ነው። አራቱን የአሜሪካ ትልልቅ ሊጎች ቁጠር፦ ፉትቦሉ 32፣ ቅርጫት ኳሱ 30፣ ቤዝቦሉ 30፣ የበረዶ ሆኪው 32። ድምሩ 124 ቡድን ነው። አንዳንዱ ባለቤት ሁለትና ሦስት ቡድን ስላለው የሰዎቹ ቁጥር ከዚያም ያንሳል። እነሱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። የፉትቦሉ ሊግ ሽያጭ ከ32ቱ 24ቱ ካልፈቀዱ አይጸድቅም። የዛሬው ሻጭ የነገው ድምፅ ሰጪ ነው። «ያ ልጅ አፉ አያርፍም» የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከወጣብህ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ሌላ ዘርፍ ብትሆን ኖሮ ወደ ሌላ ደንበኛ ትሄድ ነበር። እዚህ ግን ሌላ ደንበኛ የለም።

አክሲዮኑ ገበያ ላይ ያለ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከስም መጥፋት ያልፋል። በሴፕቴምበር 2023 የማንቸስተር ዩናይትድ ባለቤቶች ክለቡን ከሽያጭ ሊያወጡት ነው የሚል አንድ የጋዜጣ ወሬ ወጣ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን 18 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚያው ዓመት የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ላይ ደግሞ እንግሊዛዊው ባለሀብት ጂም ራትክሊፍ የክለቡን ሩብ ለመግዛት ተስማማ ተባለ። ገበያው ላይ 20 ዶላር ገደማ የነበረውን አክሲዮን በ33 ዶላር። ያንን ዋጋ አንድ ቀን ቀድሞ የሰማ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስበው። አሁን ደግሞ የአጎትህን ልጅ አስበው። ስልኩ እጁ ላይ ነው።

እስቲ ስለዚያ የቆርቆሮ ነጋዴ ልንገርህ። አባትህ ያውቀው ነበር፤ ላንተ ግን የነገርኩህ አይመስለኝም።

ዕቃ በአሰብ በኩል ይመጣ በነበረበት ጊዜ ነው። መርካቶ ቅርንጫፍ ነበርኩ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግድ አንድ ደንበኛ ነበረን። ትልቅ ሰው ነው። ባንክ ሲመጣ ሁልጊዜ ኮት ለብሶ ነው። ወረቀቶቹን በጎማ ላስቲክ አስሮ ይዞ ይመጣል። ላስቲኩን ፈትቶ አውራ ጣቱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል። ያን ጊዜ ባንክ ለውጭ ሻጭ ዋስ በሚሆንበት ደብዳቤ፣ በኤልሲ፣ ያዘዘው ዕቃ ወደብ ላይ ዘገየበት። የብድሩ መክፈያ ደረሰ። ማራዘሚያ ጠየቀ። ችግር የሌለበት ሰው ነው፤ ዕቃው እስኪገባ ነው። ማመልከቻው ሐሙስ ለኮሚቴ ሊቀርብ ተያዘ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ባልደረባችን ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ «እሱማ አለቀለት፤ ማራዘሚያ እየለመነን ነው» አለ። ስሙን አልጠራም እንዳንተው። «የቆርቆሮው ሰውዬ» ነው ያለው። በዚያ ሰፈር የቆርቆሮው ሰውዬ ስንት ነው? አጠገባቸው ያሉት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩ።

ማታውን መርካቶ ሰማ። ረቡዕ ጠዋት በዱቤ ዕቃ የሰጡት ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ተሰለፉ። አንዱ ገንዘቤን ይላል፣ አንዱ ዕቃዬን መልስ ይላል። ሰውዬው ክብሩን የሚወድ ነው። የያዘውን ጥሬ ገንዘብ ከፈለ። ለቀሩት ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣቸው። ሐሙስ ከሰዓት ኮሚቴው ተቀምጦ ማራዘሚያውን ፈቀደለት። ሱቁ ግን ባዶ ነበር።

ዕቃው ቆይቶ መጣ። መጣ እንጂ ቀረጥ የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም። ያበድሩት የነበሩት ጓደኞቹ ስልኩን አያነሱም። መጋዘን ውስጥ ኪራይ እየቆጠረ ከረመ። በመጨረሻ ቤቱን ሸጠ። እኔ ጠረጴዛ ጋ የመጣው ሂሳቡን ሊዘጋ ነው። የሕፃናት የሚመስል ባለ መስመር ደብተር ይዟል። የአበዳሪዎቹን ስም በሙሉ ጽፎ አንድ በአንድ በቀይ ሰርዞታል። «ሁሉንም ከፍያለሁ» አለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የነገረብኝ ማነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? የምነግረውም የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነው። ዝም አልኩ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ያ ባልደረባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ጉቦ አልበላም፣ ጠላትም አልነበረም። ምሳ ላይ አዋቂ መምሰል አማረው፣ በቃ። አሁንም ጡረታ ስንቀበል እንገናኛለን። ልጆቼን በስም እየጠራ ይጠይቀኛል። ያን ቀን የተናገረውን የሚያስታውሰው አይመስለኝም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። የተናገረው ረሳው፣ ያ ሰውዬ ግን ቤቱን ሸጠ።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ኳስ ልመክርህ ጀምሬ ነው። እህትህ «እማ፣ ርዕሱን ሳትሺው» እያለችኝ ነው። አልሳትኩም።

እዚያ አገር ደግሞ ነገሩ ቤት በመሸጥ አያልቅም። ጎረቤታችን ጠበቃው አንድ የፍርድ ጉዳይ አስረዳኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 መጨረሻ የወሰነው ነው። እንዳንተ ኩባንያ የሚያሻሽጥ አንድ የኢንቨስትመንት ባንክ ሠራተኛ ነበር። የሚሠራው ጤና ዘርፍ ላይ ነው። ስለ ሥራው ለታላቅ ወንድሙ ያወራ ነበር። መጀመሪያ ያልገባውን የኬሚስትሪ ነገር እንዲያስረዳው ነው። ከዚያ አባታቸው ካንሰር ሲታመም ስለ መድኃኒት ኩባንያዎች ያወሩ ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሊሸጡ ስላሉት ኩባንያዎች ሆነ። ወንድምየው ደግሞ ለባንክ ሠራተኛው ሙሽራ ወንድም ነገረው። ያ አማች ከባንኩ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። አክሲዮን ገዛ፣ አተረፈ። 36 ወር እስራት ተፈረደበት።

ተከሳሹ «ነጋሪው እኮ በገንዘብ አልሸጠውም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም። ለዘመድ ምስጢር በነፃ መስጠት ገንዘብ እንደመስጠት ይቆጠራል አለ። ልብ በል፤ ወንድም፣ ሙሽራ፣ አማች፣ የታመመ አባት። የኛን ቤት ነው የሚመስለው። እኛ ዘመድ ጋ ምስጢር መደበቅ ነውር ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። አጎትህን «ለልጅህ ንገረው፣ እንዳይገዛ» ብለው ምን አለኝ መሰለህ? «ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» ቤተሰብ ስለሆንን ነው እንጂ!

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ከአጎትህ ልጅ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፋ። ማጥፋት ከመናገሩ የባሰ ነው የሚያስጠይቅህ። ሰኞ ጠዋት ደንብ መከበሩን የሚከታተለው ኮምፕላያንስ ክፍል ሂድና የሆነውን እንዳለ ንገራቸው። ስሙን እንዳልጠራህ፣ ግን ምን እንዳልክ፣ ማን እንደነበረ። እነሱ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። ልጁ እስካሁን ምንም አልገዛም፤ አጎትህን አስምዬዋለሁ። ይቆጡሃል። ቢቆጡህ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ለሥራው የሰጣችሁትን የሽፋን ስም ልመድ። ባንካችሁ ለእያንዳንዱ ጉዳይ «ፕሮጀክት እንትን» እያለ ስም የሚያወጣው ለጌጥ አይደለም። ሊፍት ውስጥም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ሕልምህ ውስጥም በዚያ ስም ጥራው። ሊፍት ውስጥ ደግሞ ባትጠራው ይሻላል።

ቤቲንግም አደራህን። እዚህ በየሰፈሩ የውርርድ ቤት ተከፍቶ የጎረቤት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እየበሉ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በብዙ ቦታ ተፈቅዷል። ላንተ ግን ከነጭራሹ አልተፈቀደም ብለህ ቁጠረው።

የጤናህ ነገርም አለ። የደም ምርመራ ውጤትህን ላክልኝ ካልኩህ ቆየሁ። በ2021 የአንድ ትልቅ ባንክ ጀማሪዎች በሳምንት 95 ሰዓት እንሠራለን፣ በቀን 5 ሰዓት እንተኛለን ብለው አቤት ሲሉ አንብቤያለሁ። በ2024 ደግሞ ጄፒ ሞርጋን የሚባለው ባንክ ለጀማሪዎቹ 80 ሰዓት ጣሪያ አበጀ ተባለ። ያውም ግብይቱ ሲጦፍ ጣሪያው ይነሳል አሉ። ሰማንያ ሰዓት እንደ ምሕረት ሲቆጠር! እንቅልፍ ያጣ ሰው ምላሱም ሚዛኑን ያጣል። ስለዚህ ተኛ። በሶና ጭኮ ልኬልሃለሁ። የሰፈራችን ልጅ በሚቀጥለው ሐሙስ ኒውዮርክ ይገባል። ጭኮው ቢሮ ይቀመጣል፣ አይበላሽም፤ ሌሊት ሲርብህ ከዚያ ፒዛ ይሻልሃል። በሶውን በማር በጥብጠው። ስኳር አታድርግበት።

ሥራውን ተው እያልኩህ አይደለም። እንዲያውም ኮርቼብሃለሁ። አባትህ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ስታዲየም፣ ካታንጋ፣ ይወስድህ እንደነበር ታስታውሳለህ? ድምፅህ ዘግቶ ትመለሱ ነበር፣ ሁለታችሁም። ነፍሱን ይማረውና ዛሬ ቢኖር ይሄን ሥራህን ሲሰማ ያብድ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ምስጢሩን በሙሉ ለካታንጋ ያወራው ነበር። ለሱ አለመንገር ነበር የሚከብድህ፤ አጎትህ ቀላል ነው።

ግን አንድ ነገር እወቅ። የቀጠሩህ ኳስ ስለምትወድ አይደለም። ኳስ የሚወድ ሞልቷል። ሂሳብ ስለምትችል ነው። እዚያ ክፍል የሚገቡት ልጆች ግማሾቹ ተጫዋች ልናይ ነው ብለው ነው አሉ። አንተ ብድሩን ተማር። የስታዲየም ግንባታ በምን ይበደራል፣ ሊጉ ቡድኑ ላይ ስንት ዕዳ ይፈቅዳል፣ የስርጭት ውሉ መቼ ያልቃል፣ ሲያልቅስ? የፉትቦሉ ሊግ በኦገስት 2024 የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው የሚያውሉ የኢንቨስትመንት ፈንዶች እስከ 10 በመቶ እንዲገዙ ፈቅዷል። ቅርጫት ኳሱ ቀድሞ እስከ 30 በመቶ ፈቅዷል። 10 በመቶ ገዝቶ ውሳኔ ላይ ድምፅ የሌለው ሰው ኋላ ለማን ይሸጠዋል? ይሄን የሚመልስ ሰው ነው ነገ የሚፈለገው። ማሊያ ያስፈረመ ሰውማ ማንም ነው።

ቁጥር ብቻም አይደለም። በኤፕሪል 2021 አሥራ ሁለት የአውሮፓ ክለቦች ሱፐር ሊግ እንመሠርታለን ብለው እሁድ ማታ አወጁ። ጄፒ ሞርጋን 3.25 ቢሊዮን ዩሮ ሊያቀርብ ነበር። ስሌቱ ልክ ነበር ይላሉ። ማክሰኞ ማታ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ፤ ደጋፊው መንገድ ዘጋባቸው። ባንኩም በዚያው ሳምንት ደጋፊው እንዴት እንደሚያየው አልገመትንም ብሎ አመነ። ካታንጋ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር። እንግዲህ ያንን ታውቃለህ፤ ቢሮ ውስጥ ተናገረው። እዚያ መናገር ይቻላል።

ስለ መመለስ አልጨቀጭቅህም። ብቻ ልንገርህ ያህል፣ እዚህም ነገር እየተነሳ ነው። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል። ኢንቨስትመንት ባንክ የሚባልም ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ከንግድ ባንክ የወጣ አለ፣ ከወጋገን የወጣ አለ። ፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማህበር ሆኖ በ2020 የስርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት ለዲኤስቲቪ በ68 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። አንድ ቀን የኛን ቡድን ዋጋ የሚገምት ሰው ያስፈልጋል። አልጨቀጭቅህም ብያለሁ።

የጀማሪነት ሁለት ዓመቱን ግን እዚያው ጨርስ። አንዱ ፈንድ በስድስት ወርህ ና ቢልህ አትቸኩል። ያልጨረሰ ሰው ሲቪው ላይ ይታያል።

የጠየቅከኝን የልደት የምስክር ወረቀት አስተርጉሜ፣ ውጭ ጉዳይም አስመትቼዋለሁ። ከጭኮው ጋር በቡኒው ፖስታ ውስጥ ይመጣል። ልጁ ኤርፖርት ብዙ አይቆምም፤ ሰዓቱን በእህትህ በኩል አልካለሁ፣ ቀድመህ ተገኝ። ለአጎትህ ደውልና በትህትና «ጋሼ፣ ስለ ሥራዬ ከዚህ በኋላ አትጠይቁኝ» በለው። ቢቀየም እኔ አስታርቃችኋለሁ። ሌላ ማንም ቢጠይቅህ «ኤክሴል ስሞላ ውዬ ነው» በለው፤ ውሸትም አይደለም።

ከኮምፕላያንስ እንደወጣህ ደውልልኝ። ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

እናትህ